የእማዬ ማህፀን ወጥቷል፤ ሁለት ሐኪሞች ሁለት ዓይነት ኦፕራሲዮን አሉን። የቱ ይሻላታል?

የሱሉልታዋ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቶችና ወንድሞች። ብዙ ሰው በአደባባይ የማያወራው ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ በግልጽ እጽፈዋለሁ።

እማዬ 63 ዓመቷ ነው። ሰባት ልጆች ወልዳለች፤ ከመጨረሻው በስተቀር ሁላችንንም ቤት ውስጥ፣ በልምድ አዋላጅ እጅ። የምንኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ድርቆሽ የሚታጨድበት ሜዳ አጠገብ። ሦስት የወተት ላሞች አሏት። ጎህ ሲቀድ አልባ ወተቱን ታስረክባለች፣ በረት ትጠርጋለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች፣ ውሃ በጠፋ ጊዜ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ ታዝላለች። በዚያ ላይ ደም ግፊትና ስኳር አለባት፤ ለሁለቱም ክኒን ትወስዳለች።

መቼ እንደጀመራት ዛሬም አትነግረንም። በጨርቅ አስራ ይዛ ስትሠራ ኖራለች። እኔ የጠረጠርኩት ቅዳሴ ቆማ ማስቀደስ ስታቆም ነው። "እግሬን ነው" ትለን ነበር። በኋላ ልብስ ሳጥብ ደም የነካ ጨርቅ አገኘሁና ጠየቅኳት፤ አለቀሰች። ሽንት ሲመጣባት በጣቷ ወደ ውስጥ ካልገፋች አይወርድላትም። ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሳ ገባ ብሎ ይውላል፣ አመሻሽ ላይ ወጥቶ ያርፋል።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ ሪፈር ተጻፈልን፣ አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ደረስን። የመረመራት ወጣት ሐኪም ደረጃ 3 ነው አለን፤ ማህፀኑ ብቻ ሳይሆን የሽንት ፊኛዋም አብሮ ወርዷል። ማህፀኑን ሆድ ሳይከፈት በታች አውጥቶ፣ የቀረውን ወደ ላይ ከጅማት ጋር ሰቅሎ፣ የፊኛውን በኩል እንደሚጠግን ነገረን። ወረፋው ግን ረጅም ነው። ዘመድ ሲያጣድፈን አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። እዚያ ያሉት ሐኪም ግፊትና ስኳር ስላለባት "የሚዘጋው"፣ ማለትም ብልቷ ተሰፍቶ የሚዘጋበት፣ ይሻላታል አሉ፤ አጭር ነው፣ ተመልሶም አይወጣም። ይህን የነገሩኝ ለእኔ ነው፣ ኮሪደር ላይ፣ እሷ ውስጥ ልብሷን እየለበሰች። "በዚህ ዕድሜዋ ሌላ ምን ትፈልጋለች?" አሉኝ።

አባዬ በሕይወት አለ። አብረው ነው የሚያድሩት። ከዚህ በላይ አላውቅም፣ ልጅ ሆኜ እናቴን ይህን መጠየቅም አልቻልኩም።

ውጭ አገር ያለችው የአጎቴ ልጅ ደግሞ በድምፅ መልእክት "ዘመናዊው፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ሠራሽ መረብ የሚገባበት ነው፣ ሌላውን እንዳታሠሯት" ትላለች። ሦስት ምክር ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ልዩነታቸውን የሚያውቅ፣ ያሠራ ወይም እናቱን ያሳከመ እባካችሁ ንገሩኝ። ይመለሳል ወይ? ግፊቱና ስኳሩ ይከለክላታል ወይ?

ወንድም ከሰንዳፋ፦

እግዚአብሔር ይማርልሽ። ለአክስቴ ኦፕራሲዮን ሳይሆን ቀለበት ነው የተደረገላት፤ ፔሳሪ ይሉታል፣ ከሲሊኮን የተሠራ፣ በታች ገብቶ ደግፎ የሚይዝ ነው። እያወጣች ታጥባ ትመልሰዋለች። ከቀጠሮዋ ስትቀር ቁስል ፈጥሮባት ነበር፣ ስትከታተል ግን ተስማምቷታል። ኦፕራሲዮን የምትፈራ ከሆነ ጠይቁ።

ሲስተር ከጣፎ፦

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። በሴቶች ቀዶ ሕክምና ክፍል ብዙ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ ጣፎ ነው የምኖረው። ሐኪም ስላልሆንኩ፣ እናትሽንም ስላላየሁ፣ ይህን አድርጉ አልልሽም። የማውቀውን ግን ሳልቆጥብ ልንገርሽ።

ማህፀን የሚወጣው ራሱ ታሞ አይደለም። የያዙት ጅማቶችና ከሥሩ ያለው የዳሌ ወለል ጡንቻ በወሊድ ይጎዳሉ፤ ሸክም፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀትና ዕድሜ ሲጨመሩበት ይላላሉ። የድንኳን ገመድ ሲላላ ሸራው ይወርዳል፤ ሸራውን ቆርጦ መጣል ድንኳኑን አያቆመውም። "ማህፀኑ ይውጣ" የሚለው ብቻውን መልስ የማይሆነው ለዚህ ነው። ማህፀኑ ወጥቶ የብልቱ ጣሪያ ካልተሰቀለ፣ ከዓመታት በኋላ ጣሪያው ራሱ ተገልብጦ ሊወጣ ይችላል። እንዲያ ሆነው የተመለሱ እናቶችን ተቀብያለሁ፤ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ከመጀመሪያው ይከብዳል። ወጣቱ ሐኪም "እሰቅለዋለሁ" ማለቱን ሳነብ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።

የት ነው የሚሰቅለው? በታች በኩል ሲሠራ ሁለት የታወቁ ቦታዎች አሉ። አንደኛው ማህፀኑን ከኋላ ይዘውት የነበሩት የራሷ ጅማቶች ናቸው፤ ዩትሮሳክራል ይባላሉ። ሁለተኛው ጠለቅ ብሎ ከዳሌ አጥንት ጋር የተያያዘው ሳክሮስፓይነስ ጅማት ነው። አሜሪካ ውስጥ 374 ሴቶችን ለሁለት ከፍለው አወዳድረዋቸው ነበር፤ ውጤቱ በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ሲወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ልዩነት አልነበራቸውም። አምስት ዓመት ተከታትለው በ2018 ያወጡት ግን ልብ ሊባል ይገባል። በጥብቅ መለኪያ ሲታይ በሁለቱም በኩል ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ሴቶች ላይ በተወሰነ ደረጃ መላላት ወይም የምልክት መመለስ ታይቷል፤ እንደገና መታከም ያስፈለጋቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው። "ፈጽሞ አይመለስም" የሚል ሰው ካጋጠመሽ እንግዲህ ይህን አስታውሺ። "ተመለሰ" ማለትም እንደ ድሮው ሆነ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ከበፊቱ በጣም ተሽሏቸው ነው የሚኖሩት።

ጣጣቸው ይለያያል። በዩትሮሳክራሉ ስፌት ከኩላሊት የሚወርደው የሽንት ቱቦ ሊታጠፍ ስለሚችል፣ ሳይጨርሱ በፊት ፊኛ ውስጥ በካሜራ አይተው ሽንት በሁለቱም በኩል መውረዱን ቢያረጋግጡ ጥሩ ነው። ሳክሮስፓይነሱ መቀመጫ ላይ፣ በአብዛኛው በቀኝ በኩል፣ ሕመም ያመጣል፤ ለአብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ይለቃቸዋል።

አሁን ወደሚዘጋው ልምጣ። ኮልፖክሌይሲስ ይባላል፤ ማህፀኑ ሳይወጣ የሚሠራው ዓይነት በፈረንሳዊው ሐኪም በሌፎርት ስም ይጠራል፣ ከ1877 ጀምሮ የነበረ ነው። የብልቱ የፊትና የኋላ ግድግዳ ተሰፍቶ ይገናኛል፣ በጎንና በጎን ፈሳሽ የሚወጣበት ቀጭን መንገድ ይተውለታል። አጭር ነው፣ የሚፈሰው ደም ትንሽ ነው፣ ወገብ ላይ በሚሰጥ ማደንዘዣ ይሠራል፣ ከመቶ ሴቶች ከ90 በላይ የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ባልቴት ተሠርተው በጥቂት ቀን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አይቻለሁ፣ ደስታቸው እስካሁን አይረሳኝም። መጥፎ ኦፕራሲዮን ነው ብዬ አላወራብሽም። ግን ከዚያ በኋላ በብልት የሚደረግ ግንኙነት የለም፣ ሐሳብ ቢለወጥም እንደገና አይከፈትም። ስለዚህ ለሴትየዋ ለራሷ፣ በሯ ተዘግቶ፣ በምትረዳው ቋንቋ ተነግሯት፣ እሺ ብላ ነው መሠራት ያለበት። ኮሪደር ላይ ለልጅ የሚነገር ጉዳይ አይደለም! 63 ዓመት ባል ላላት ሴት የማብቂያ ዕድሜ ነው ያለው ማነው? አንድ ሰው ሊጠይቃቸው ይገባል። አንቺ ካልቻልሽ እኩያቸው ትጠይቃቸው።

ግፊትና ስኳር ብቻውን አይከለክልም። መስተካከል ግን አለበት፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ ከገቡ ቁስሉ ይመረቅዛል። ወጣቱ ሐኪም ያለው ኦፕራሲዮንም በወገብ ማደንዘዣ ይሠራል።

ስለ መረቡ ለአጎትሽ ልጅ እንዲህ በያት። መረብ ሁለት መንገድ አለው። በሆድ በኩል፣ በተለይ በካሜራ ገብተው፣ ጣሪያውን በመረብ ከወገብ ሥር ካለው አጥንት ጋር የሚያስሩት አሁንም በዓለም ይሠራል፣ ጠንካራም ነው። ረዘም ያለ ሰመመን፣ መሣሪያና የለመደ እጅ ይፈልጋል። በብልት በኩል ይገባ የነበረው መረብ ግን ሌላ ነው። ግድግዳውን በልቶ እየወጣ፣ ሕመም እየፈጠረ ስላስቸገረ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በሚያዝያ 2019 ለዚህ ሕመም እንዳይሸጥ አግዷል። ዘመናዊ የተባለ ሁሉ የተሻለ አይደለም።

ማህፀኑ ሳይወጣ የሚሰቀልበትም አለ። ማንቸስተር የሚሉት፣ በዚያች የእንግሊዝ ከተማ በ1888 የተጀመረ አለ፤ የረዘመው የማህፀን አንገት ይቆረጥና ጅማቶቹ ወደ ፊት ተጎትተው ይሰፋሉ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ማህፀኑን ሳያወጡ በሳክሮስፓይነስ ከመስቀል ጋር አወዳድረውት፣ በ2023 በወጣው ውጤት ከሁለት ዓመት በኋላ ማንቸስተር 93 ከመቶ፣ ሌላው 87 ከመቶ ተሳክቷል። ብዙ ሰው እንደ አሮጌ የጣለው ኦፕራሲዮን ነበር።

ለእናትሽ ግን ማህፀኑን ስለመተው ከመነጋገር በፊት አንድ ነገር ያስፈራኛል። ጨርቁ ላይ ያየሽው ደም። ልብስ እየፈተገው የቆሰለ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም እንደዚያ ነው። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ግን ሳይመረመር አይታለፍም። የማህፀን በር ምርመራ፣ የማህፀን ግድግዳ አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገ ናሙና። ማህፀኑን ትቶ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ፤ ከተዘጋ በኋላ ገብቶ ማየት አስቸጋሪ ነው። የግሉ ክሊኒክ ይህን ጠይቋል? ቁስል ካለም ቀድሞ ይድናል፣ ከዚያ ነው ኦፕራሲዮን። ኩላሊቷንም በአልትራሳውንድ ይዩላት፤ ለዓመታት ወርዶ የቆየ ማህፀን የሽንት ቱቦውን ይዞ ይጎትታል።

የቡራዩዋ እናት፦

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ማህፀኔ ሳይወጣ በሳክሮስፓይነስ የተሰቀለልኝ ሴት ነኝ። አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነኝ፣ አራት ልጆች አሉኝ፣ ሌላ መውለድ አልፈልግም ነበር፤ ማህፀኔ እንዲወጣም ግን አልፈለግሁም። ምክንያቱን ለማንም ማስረዳት የለብኝም ብዬ ለሐኪሜ ነገርኩት፣ አክብሮኝ ሠራልኝ።

የቀኝ መቀመጫ ሕመሙን ሲስተር በቀላሉ አለፈችው እንጂ ለእኔ ከባድ ነበር። ከቡራዩ አስኮ በታክሲ መቀመጥ አልችልም ነበር፤ በግራ ጎኔ ተደግፌ ነው የምሄደው። ይለቅሻል ሲሉኝ አላመንኩም፣ ግን ለቀቀኝ። ሌላው፣ ካቴተሩ (ሽንት የሚያወጣው ላስቲክ) ሲወጣልኝ መጀመሪያ ሽንት እምቢ አለኝና መልሰው አስገቡት። ያን ዕለት ያለቀስኩትን ለቅሶ አልረሳውም፤ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያን ያህል አልደነግጥም ነበር። ለእናትሽ ንገሪያት።

ስስልና ስስቅ ሽንት ጠብ ማለት የጀመረኝም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነው። ፊኛው ታጥፎ ሲኖር ይደብቀው ነበር አሉኝ፤ የዳሌ ጡንቻ ስፖርት ሰጥተውኝ በጣም ቀንሷል። ማህፀኔ በቦታው ነው፣ የፊቱ ግድግዳ ግን ትንሽ ላላ ብሏል። በዚህም ደስተኛ ነኝ። እንጀራ ጋግሬ ሳበቃ እንደ ድሮው ተቀምጬ የማርፍበት ወንበር አልፈልግም።

የሱሉልታዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሲስተር እንዳሉኝ አደረግሁ። የእማዬ ታናሽ እህት ከፍቼ መጥታ ነበር፤ ነገርኳትና ቡና አፍልተው ሁለቱ ብቻ እንዲቀመጡ ቤቱን ለቀቅሁላቸው።

አክስቴ እንደነገረችኝ እማዬ መጀመሪያ የጠየቀችው "ሐኪሙ ለምን እኔን አልጠየቀኝም?" ብላ ነው። ተቆጥታለች፤ ከማፈርም ይልቅ ተቆጥታለች። ስለሚዘጋው በደንብ ስታስረዳት ዝም ብላ ሰማችና "ከሰውየው ጋር ሳልማከር አልመልስም" አለች። ከአባዬ ጋር ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ ማወቅም የለብኝም። በማግስቱ ላም እያለበች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "እንዳይዘጋ። የልጁ ይሁን" አለችኝ። ልጁ የምትለው ወጣቱን ሐኪም ነው። አባዬ ደግሞ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬ እሄዳለሁ ብሏል፤ ለእሷ ሕመም ሆስፒታል ሲሄድ የመጀመሪያው ይሆናል።

የደሙን ነገር ለወጣቱ ሐኪም አልነገርንም ነበር፤ እማዬ ደብቃው ነው። አሁን ሄደን ነግረን አልትራሳውንድ ታዞልናል፣ ከማህፀን በሩም ናሙና ተወስዷል። ውጤት እየጠበቅን ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፤ እማዬ ድርቆሹ ሳይገባ አልተኛም ትላለች። ጥቅምትና ኅዳር ካልታጨደ ላሞቹ በጋውን ምን ይበላሉ? እስከዚያ መቆየት ይጎዳታል?

ሲስተር ከጣፎ፦

እናትሽን ሳሚልኝ። አባትሽንም አክብሬያቸዋለሁ።

የናሙናው ውጤት ደህና ከሆነ፣ ኩላሊታቸው ካልተጎዳ፣ ሽንትም ከወረደላቸው፣ ወራት መጠበቅ በራሱ አደጋ አያመጣም። በድንገት ሽንት እምቢ ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም የወጣው አልገባ ብሎ ካበጠና ከጠቆረ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ድንገተኛ ክፍል ነው። እስከዚያ ቀለበቱ ይሞከርላቸው፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ። የሰንዳፋው ወንድማችን ልክ ነው፣ ክትትል ካለው ጥሩ ማሳደሪያ ነው።

ድርቆሹን ግን እሳቸው አይሸከሙ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ጀሪካን የለም፣ የወተት ባልዲ የለም፣ በረት መጥረግ የለም፣ ግንኙነትም የለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሥራ የሚበላሸው። በደንብ የተሰፋች እናት ቤቷ ገብታ በሳምንቷ ውሃ ትሸከማለች፤ የሚያግዛት የለማ። ስለዚህ ከአሁኑ ማን ያልባል፣ ማን ይጋግራል፣ ውሃ ማን ያመጣል የሚለውን ስም ጠርታችሁ ተከፋፈሉ። የኩበት ጭሱንም ቀንሱላቸው፤ የሚያስላቸው ከሆነ ሳሉ ስፌቱን ይጎትተዋል። ሆዳቸው እንዳይደርቅ ጎመን፣ ተልባ፣ ብዙ ውሃ። ሐኪሙን ደግሞ የወጣውን ወደ ላይ ገፍቶ ይዞ እንዲያስሉ እንዲያደርግ ጠይቂው፤ የቡራዩዋ እህታችን ያጋጠማት የሽንት መንጠባጠብ ካለ ቀድሞ ይታወቃል።

የሰበታ ልጅ፦

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። የእኔም እናት እንደዚሁ ናት፣ ግን ገንዘብ የለንም። በነፃ የሚያክም አለ?

ሲስተር ከጣፎ፦

አለ እንጂ። አዲስ አበባ ያለው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ከፌስቱላ ሌላ የማህፀን መውጣትንም ያክማል፣ ክፍያ አያስከፍልም። ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ ካላችሁም የመንግሥት ሆስፒታል ስትሄዱ ሪፈሩን አትርሺ፤ ያለ ሪፈር ከሄድሽ መድኑ ላይሸፍንልሽ ይችላል። እናትሽን በጨርቅ አስረው ሳይቆዩ ቶሎ ውሰጃቸው።